በኦቨን የተጋገረ አጃ ከፍራፍሬ ጋር፦ ውሃው የት ይገባል?

አጃ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ትንሽ ማርና ፍራፍሬ። እነዚህን አደባልቆ ኦቨን ውስጥ መክተት፣ ከዚያ እየቆረጡ በትኩሱ ማቅረብ። በኦቨን የተጋገረ አጃ ማለት ይኸው ነው። በአሜሪካ፣ በተለይ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በሚኖሩት የአሚሽ ማኅበረሰቦች ዘንድ የታወቀ የቤት ቁርስ ነው። አሁን ግን ከዚያ ወጥቶ በብዙ አገር ይሠራል።

ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ ይተወዋል። አንዱ ቤት ላዩ ቡናማ ሆኖ መሀሉ ውሃ ያዝላል። ሌላው ቤት ደርቆ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ሌላው ቤት ደግሞ ከታች እንቁላልና ወተት ብቻ፣ ከላይ አጃ ብቻ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ሰዉ ታዲያ ስኳር ይጨምራል፣ ሌላ አሠራር ይፈልጋል፣ ኦቨኑን ይወቅሳል።

የሦስቱም ችግር ምንጭ ግን አንድ ነው፤ ውሃ። ውሃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጠጣው፣ ማን እንደያዘው የገባው ሰው ቤቱ ባለው ነገር ሁሉ ይህን ቁርስ መጋገር ይችላል። ፍራፍሬው ቢቀየር፣ ወተቱ ቢቀር፣ ኦቨን ባይኖር እንኳ መላ አያጣም። ስለዚህ ውሃውን እየተከተልን እንሂድ።

አጃው እንዴት ይጠጣል?

አጃ ለእኛ እንግዳ እህል አይደለም። በአርሲና በሸዋ ደጋ ይበቅላል። ለአራስ የሚሠራው የአጃ አጥሚት፣ የአጃ ገንፎ፣ የአጃ ቅንጬ የታወቁ ናቸው። በገብስ ማሳ መሀል እንደ አረም የሚበቅለው ሲናርም የአጃ የቅርብ ዘመድ ነው።

በካርቶንና በፕላስቲክ ታሽጎ ሱቅ የሚሸጠው አጃ ግን ጠፍጣፋ ነው። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ገለባው ይወጣለታል። ቀጥሎ በእንፋሎት ይሞቃል። ከዚያ በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መሀል አልፎ ይዳጣል። እንፋሎቱ የሚያስፈልገው አጃ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ስብ ስለሚበዛው ነው። 100 ግራም አጃ ውስጥ 7 ግራም ገደማ ስብ አለ። ይህን ስብ የሚያፈርስ ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይምም እዚያው ፍሬው ውስጥ ተቀምጧል። ፍሬው ሲሰበር ሁለቱ ይገናኙና አጃው እየመረረ ይሄዳል። ሙቀት ይህን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ለአጥሚት የሚሆነውን አጃ ከማስፈጨት በፊት ማመስም ይህንኑ ያግዛል፤ ሽታው የሚጣፍጠው ሳይቆጠር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ጠፍጣፋ አጃ አስቀድሞ በከፊል መብሰሉ ነው። ስስ ስለሆነም ውሃ ቶሎ ይገባዋል። በሱቅ የሚገኙት ዓይነቶች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ትልልቁ ጠፍጣፋ አጃ ውሃውን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ከተጋገረ በኋላም ቅርጹን ይይዛል። ለዚህ ሥራ የተሻለው እሱ ነው። «ፈጣን» ተብሎ የሚሸጠው ደቃቁና ስሱ አጃ ደግሞ ወዲያው ጠጥቶ ይልማል። ከእሱ የሚገኘው እንደ ለስላሳ ኬክ ያለ ነገር ነው። መጥፎ አይደለም፤ ልጆች እንዲያውም ይወዱታል። ፈሳሹን ግን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ለቅንጬ የሚሆነው የአጃ ሽርክት ከሁሉም ይዘገያል። እንዲሁ ወተት ውስጥ ነስንሰው ቢጋግሩት ወተቱ ቀድሞ ይረጋና ሽርክቱ ጥሬ ይቀራል። ያለው ሽርክት ብቻ ከሆነ አስቀድሞ በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ቀቅሎ ማጥለል ነው። ስኳርና ጣዕም ተጨምሮበት በትንንሽ ፓኬት የሚመጣውን ለዚህ አልመክርም።

አጃ ውስጥ ውሃ የሚጠጡት ነገሮች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ስታርች ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የስታርቹ ጥቃቅን ፍሬዎች ውሃ እየሳቡ ያብጣሉ። ገንፎን የሚያወፍረው ይኸው ነው። ሁለተኛው ቤታ ግሉካን የሚባለው የሚሟሟ ፋይበር ነው። አጃ ሲቀቀል የሚታየው ያ የሚያዳልጥ ነገር ከእሱ ነው የሚመጣው። የአጃውን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከክብደቱ በላይ ብዙ ውሃ ግን ያስራል። ለጤና የሚነገርለትም እሱ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። ድብልቁ እንደተዋሐደ ወዲያው ኦቨን ከገባ አጃው ገና አልጠጣም። ገሚሱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወተቱና እንቁላሉ ታች ይቀራሉ፣ እዚያው ይረጋሉ። ለሁለት የሚከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጋገሩ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አንዴ ማማሰል። ኦቨኑም እስከዚያ ይሞቃል።

እንቁላሉ ምን ይሠራል?

ዳቦ ቅርጹን የሚይዘው ግሉተን በተባለው የስንዴ ፕሮቲን ነው። አጃ ይህ ግሉተን የለውም። የተጋገረው አጃ እንዲቆረጥ የሚያደርጉት ያበጠው ስታርችና የረጋው እንቁላል ናቸው። የእንቁላል ፕሮቲን ሲሞቅ ይፈታል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ መረብ ይሠራል። አጃው ያልጠጣው ወተት በዚህ መረብ ውስጥ ይያዛል።

እዚህ ላይ ሙቀቱን መረዳት ይጠቅማል። እንቁላል ለብቻው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይረጋል። በወተትና በማር ሲቀጥን ግን ዘግይቶ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚይዘው። ከዚያ በጣም ካለፈ መረቡ ይጠብቅና የያዘውን ውሃ ይጨምቃል። ብዙ ሰው «አልበሰለም» ብሎ መልሶ የሚያስገባው ውሃ ያቀረረ አጃ አንዳንዴ ከመጠን በላይ የበሰለ ነው። መልሶ ማስገባቱ ያብሰዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ቢላ ሰክቶ ማየት ነው። ቢላው ላይ ወተት መሰል ፈሳሽ ከመጣ ገና ነው። ቢላው ንጹሕ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ጠራ ያለ ውሃ ከታየ አልፏል፤ ወይም ውሃው ከፍራፍሬው የመጣ ነው።

ኦቨኑ 190 ዲግሪ ላይ ቢሆንም መሀሉ ውሃ እስካለ ድረስ ከውሃ መፍያ በላይ አይሞቅም። ላዩ ግን ውሃውን ሲጨርስ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮም ቡናማ ይሆናል። ያን መልካም ሽታና ቀለም የሚሰጠው የፕሮቲንና የስኳር ውህደት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስለዚህ የላዩ ቀለም የሚነግረን ስለ ላዩ ብቻ ነው። መሀሉን ቢላ ይናገር።

ፍራፍሬው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው ባይ ነኝ። አሠራሩ ላይ «ሁለት ኩባያ ፍራፍሬ» ይላል። ሰዉ ቤቱ ያለውን ይጨምራል። ፍራፍሬ ግን ሁሉም እኩል ውሃ የለውም። እንጆሪ 91 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ፓፓያ 88፣ ፖም 86፣ ማንጎ 83፣ ሙዝ 75 በመቶ ያህል። ዘቢብ 15 በመቶ አካባቢ ብቻ። እንግዲህ 300 ግራም እንጆሪ የጨመረ ሰው ከሩብ ሊትር በላይ ውሃ ጨምሯል ማለት ነው። 300 ግራም ዘቢብና ተምር ያስገባ ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ተጨማሪ አፍ አስገብቷል። የመጀመሪያው ያዝላል፣ የሁለተኛው ይደርቃል።

ፍራፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ አይወጣም፤ ፍሬው ሴሎቹ ውስጥ ይዞታል። ሙቀት ግን ሴሎቹን ያፈርሳል። እንጆሪ ቶሎ ይፈርሳል፣ ያለውን ይለቃል። ፖም ጠንካራ ስለሆነ ብዙውን ይዞ ይቆያል። ሙዝ ከተፈጨ ውሃው ከራሱ ስታርችና ፋይበር ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ አያስቸግርም። በእኔ ግምት እንጆሪና የመሳሰለውን ለሚጠቀም ሰው ከታች በሚመጣው አሠራር ካለው 2 ኩባያ ወተት ላይ ሩብ ኩባያ መቀነስ በቂ ነው። በደረቅ ፍራፍሬ ብቻ ለሚሠራ ደግሞ ዘቢቡን ወይም ተምሩን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይሻላል። አለበለዚያ ከአጃው ጋር ይሻማል።

ከሁሉም የምመርጠው ሙዝን ነው። ርካሽ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ማርና ስኳርንም ይቀንሳል። ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለው፣ ማንም አልበላም ያለው ሙዝ ለዚህ ምርጥ ነው። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። አረንጓዴው ሙዝ ግን ገና ስታርች ስለሆነ ጣፋጭነት አይሰጥም። ሁለት የበሰሉ ሙዞችን ጨፍልቆ ከወተቱ ጋር መምታት፣ ከዚያ ሌላ ፍራፍሬ ላዩ ላይ መጨመር። ማሩ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሊወርድ ይችላል፣ ጨርሶ ሊቀርም ይችላል።

ፖም ሲሆን ደቀቅ አድርጎ መክተፍ ነው። ትልልቅ ከሆነ አጃው በስሎ ፖሙ ይንኮሻኮሻል። ከጨንቻ የሚመጣው ጠንካራና ኮምጣጣ ፖም ለዚህ በጣም ተስማሚ ነው፤ ሲጋገር አይፈርስም፣ ኮምጣጣነቱም ከማሩ ጋር ይስማማል። ከመጨመሩ በፊት በትንሽ ቅቤና ቀረፋ መጥበሻ ላይ 5 ደቂቃ ቢገላበጥ ጥሩ ነው። ማንጎ በወቅቱ ግሩም ነው፤ ሲበዛ ጭማቂ የሚሆነውን ዓይነት ግን ላዩ ላይ ብቻ ቢደረግ ይሻላል።

አናናስ ለብቻው መነገር አለበት። ጥሬ አናናስ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጥ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለ። ከወተት ጋር ሲያድር ወተቱን ይበጣጥሰዋል፣ መራራም ያደርገዋል። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው በቆርቆሮ የታሸገው አናናስ ችግር የለበትም። ጥሬውን ለመጠቀም አስቀድሞ መጥበሻ ላይ ማሞቅ፣ ወይም ቁርሱ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ላዩ ላይ ጣል ማድረግ ነው። በረዶ የሆነ እንጆሪ ወይም ብሉቤሪ የሚጠቀሙ ደግሞ በረዶውን ሳያቀልጡ ያስገቡት። ቀልጦ ከገባ ጭማቂው ቀድሞ ይፈሳል። ጊዜው ግን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጨምራል።

አሠራሩ

ለስድስት ሰው 200 ግራም ትልልቅ ጠፍጣፋ አጃ ይበቃል። ሚዛን ለሌለው 2 ኩባያ ያህል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ እዚያው ላይ። ጨው አይቀር። ያለ ጨው አጃ ዝም ያለ ምግብ ነው፤ ማር ቢያፈሱበት አይነቃም። ቀረፋ ላይ ትንሽ ኮረሪማ ወይም ሄል ቢጨመር ቤቱ ይታጠናል።

በሌላ ዕቃ 2 እንቁላል መምታት። 480 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ማለትም 2 ኩባያ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ መጨመር። ቅቤው ለጋ ይሁን። ለወጥ የተነጠረውን ቅመም ያለበትን ቅቤ እዚህ አታስገቡት፤ በሶብላውና ኮሰረቱ ከፍራፍሬ ጋር አይስማማም። ወተቱም ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ባይሆን ይመረጣል። ቀዝቃዛ ወተት የቀለጠውን ቅቤ መልሶ ያረጋዋል፣ ቅቤው ኳስ ኳስ ይሆናል።

በምድጃ ገንፎ ሲሠራ ለ1 ኩባያ አጃ 2 ኩባያ ፈሳሽ ይባላል። እዚህ ግን ለ1 ኩባያ አጃ 1 ኩባያ ወተት ነው። የቀረውን እንቁላሉና ፍራፍሬው ያመጡታል። አንዳንድ ሰው «ወተቱ አነሰ» ብሎ እንደ ገንፎ ሲያስብ ይጨምራል፤ ከዚያ የሚያዝል ነገር ይወጣል። ድብልቁ ሲታይ ቀጠን ያለ ሊጥ እንጂ ሾርባ መምሰል የለበትም።

20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጋገሪያ ዕቃ በቅቤ መቀባት፣ የፍራፍሬውን ግማሽ ታች መደርደር፣ ደረቁንና ፈሳሹን አደባልቆ ማፍሰስ፣ የተባለውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየትና ማማሰል፣ የቀረውን ፍራፍሬ ላዩ ላይ መበተን። የተከተፈ ለውዝ ወይም ኑግ ለሚወድ ላዩ ላይ ቢነሰነስ ያምራል። ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ከሆነ መሀሉ ይዘገያል፣ ዳሩ ይደርቃል። ቁመቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። አስቀድሞ በሞቀ 190 ዲግሪ ኦቨን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ዳሩ ሲይዝ፣ መሀሉ ሲነካ እንደ ጄሊ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ማውጣት ነው።

ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ መታገስ ግዴታ ነው። ከኦቨን ቢወጣም ሙቀቱ ከዳር ወደ መሀል መሄዱን አያቆምም። ስታርቹም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው ውሃውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው። ወዲያው የቆረጠ ሰው ውሃ ያያል፣ የታገሠው ቁራጭ ያገኛል።

ማታ አዘጋጅቶ ማሳደርም ይቻላል። ጠዋት ልጆችን ለትምህርት ቤት ለሚያሰናዳ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። አጃው ሌሊቱን ሲጠጣ ያድርና የበለጠ ይለሰልሳል። ቤኪንግ ፓውደሩን ግን ጠዋት መጨመር ነው። ፈሳሽ ሲነካው ጋዙን መልቀቅ ስለሚጀምር፣ ካደረ አቅሙ ይደክማል።

አዲስ አበባ ላይ፣ ያለ ኦቨን፣ በጾም

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ወተቱ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ መጨመር ጥሩ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነም የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ የበለጠ ይለጠጣል፤ ከሚባለው ሩቡን መቀነስ ይበቃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው የላከላችሁ አሠራር አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቢለይ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብዙ ቤት ኦቨን የለም። ይህን ቁርስ ለመሥራት ግን የግድ አይደለም። እንቁላሉ የሚረጋው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው ብለናል፤ እንፋሎት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ እንኳ 92 ነው። ስለዚህ ድብልቁን በተቀባ የብረት ሳህን አድርጎ፣ በክዳን ሸፍኖ፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ውሃው ሳህኑን ወደ ግማሽ ቁመቱ ቢደርስ ይበቃል። ድስቱ ተከድኖ በመካከለኛ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ነው። ውሃው እንዳያልቅ ማየት ያስፈልጋል። ላዩ ቡናማ አይሆንም፣ ሽታውም እንደ ኦቨኑ አይደለም። ልስላሴው ግን ከኦቨኑ ይበልጣል። ቡናማውን የሚፈልግ ሰው ቁራጩን በኋላ በቅቤ መጥበሻ ላይ በሁለቱም በኩል ሊያገላብጠው ይችላል። በወፍራም ድስት፣ በጣም በረገበ እሳት ላይ በቀጥታ መጋገርም አለ። እዚያ ታቹ ቶሎ ስለሚያር ኮባ ማንጠፍ ይረዳል፤ ለድፎ ዳቦ እንደሚደረገው።

የጾሙ ነገር የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል። ወተቱን በለውዝ ወተት፣ በአኩሪ አተር ወተት ወይም በሱፍ መተካት አይከብድም። ቅቤውም በዘይት ይተካል። የሚከብደው እንቁላሉ ነው። እዚህ ላይ ተልባ ትልቅ ባለውለታ ናት። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ደባልቆ 10 ደቂቃ ማቆየት። የተልባው ልጋግ ውሃውን ይይዛል፣ አጃውንም ያያይዛል። ግን አንድ ልዩነት አለ። እንቁላል ሲሞቅ ይጠነክራል፤ ተልባ አይጠነክርም። መያዣ እንጂ ማርጊያ አይደለም። ስለዚህ የጾሙ አጃ ለስለስ ይላል። ወተቱን ሩብ ኩባያ መቀነስ፣ አንድ የተጨፈለቀ ሙዝ መጨመር፣ 10 ደቂቃ አብልጦ መጋገር፣ ከመቁረጥ በፊት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው ከረጅም ሰዓት በኋላ ሆድ የማያስቸግር መግደፊያ ነው።

ለጤና የሚባለው

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. የአጃ አምራቾች አንድ ነገር እንዲጽፉ ፈቀደ። ስቡና ኮሌስትሮሉ ዝቅ ካለ አመጋገብ ጋር ሲሆን፣ በቀን 3 ግራም የአጃ የሚሟሟ ፋይበር የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው። ይህ ፋይበር ቤታ ግሉካን ነው። አንጀት ውስጥ ዝልግልግ ይሆናል፣ ከጉበት የሚመጣውን የሐሞት አሲድ ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን አሲድ ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል። ኮሌስትሮሉ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ሒሳቡን በእኛ ቁራጭ ላይ እንሥራ። 200 ግራም አጃ ለስድስት ሲከፈል ለአንድ ሰው 33 ግራም ነው። ቤታ ግሉካኑ 1.3 ግራም ገደማ ይሆናል። 3 ግራም ለመድረስ ከ2 ቁራጭ በላይ ያስፈልጋል። አንድ ቁራጭ በልቶ ኮሌስትሮሌ ወረደ ማለት አይቻልም፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። ቁራጩ የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ፦ ከአጃው፣ ከእንቁላሉና ከወተቱ ወደ 9 ግራም ፕሮቲን። ሻይና ዳቦ በልቶ ረፋድ ላይ የሚዝል ልጅ በዚህ እስከ ምሳ ይቆያል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ስኳር ያለበት ሰው ሦስት ነገር ይመልከት። ትልልቁን አጃ ይምረጥ፣ ደቃቁ ደም ውስጥ ስኳርን ቶሎ ያወጣልና። ማሩን ይተው። ሙዝና ተምር አንድ ላይ አይጨምር፤ በፖም ወይም በእንጆሪ ይሥራ።

ሻይና ቡናን ቁርሱ ካለቀ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ ማድረግ ይጠቅማል። አጃ ውስጥ ያለው ብረት በራሱ በቀላሉ አይወሰድም፤ ሻይና ቡና ደግሞ የበለጠ ይከለክሉታል። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ፣ ለምሳሌ እንጆሪ፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ፣ በተቃራኒው ይረዳል። ሲጋገር ከቫይታሚኑ ገሚሱ ስለሚጠፋ ጥቂቱን በጥሬው ከጎን ማቅረብ ነው።

ለሕፃናት ሲሆን ጥንቃቄ አለ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ቢጋገርም አይሰጥም። ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ዘር በኦቨን ሙቀት አይሞትም። ለትንንሽ ልጆች ለውዙ ይፈጭ፣ በሙሉው አይሰጥ። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ደግሞ ከግሉተን ነጻ ተብሎ የተረጋገጠውን አጃ ብቻ ይግዛ። አጃው በራሱ ግሉተን ባይኖረውም በማሳ፣ በወፍጮና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል። ጥቂት ሰዎችን የአጃው የራሱ ፕሮቲንም ይጎዳቸዋል፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጀመር ይሻላል።

የተረፈውን ከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ማቆየት ይቻላል። በማግስቱ ጠንከር ብሎ ይገኛል። ተበላሽቶ አይደለም። ስታርቹ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይደራጃል፣ ያሠረውን ውሃ በከፊል ይለቃል። በደረቁ ከሞቀ ይበልጥ ይደርቃል። ቁራጩ ላይ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት አፍስሶ፣ ከድኖ ማሞቅ ነው፤ ስታርቹ ውሃውን መልሶ ይወስዳል። በረዶ ቤት የሚያስገባ ሰው ቁራጮቹን ለየብቻ ጠቅልሎ ያስቀምጥ። ሁለት ወር ያህል ይቆያሉ፤ ማታ ወደ ታች አውርዶ ጠዋት ማሞቅ ነው።